ፈረሴ ከድልድዩ ወዲያ አልሄድም አለኝ፣ ምን ላድርግ?

የአዊ ልጅ፣ ጥቅምት 9

ሰላም ለሁላችሁ። ፈረስ የምታውቁ ሰዎች እርዱኝ፣ ጨንቆኛል።

ያለሁት አዊ ነው፣ ከአዲስ ቅዳም ትንሽ ወጣ ብሎ። አንድ ዳማ ፈረስ አለኝ፣ ሦስት ዓመት ተኩል ሞላው። እዚሁ ግቢያችን ውስጥ ነው የተወለደው። እናቱም እስካሁን ከእኛ ጋር ናት፤ ከሁለቱ ሌላ ፈረስ የለንም። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ፈረሰኛ ነበር። አሁን ጉልበቱ እምቢ ስላለው ዘንድሮ «ዳማው ያንተ ነው፣ ግራው» ብሎ ሰጠኝ።

ልጓምና ኮርቻ ያስለመድኩት መጋቢት ላይ ነው። ብዙም አላስቸገረኝም። ከቤታችን ጀርባ ባለው መስክ ላይ ስጋልበው ይታዘዛል፣ ሶምሶማው ራሱ ሲያዩት ደስ ይላል። ክረምቱን ግን በጭቃው ምክንያት ሦስት ወር ያህል አልነካሁትም፣ ከእናቱ ጋር ሳር ሲግጥ ከረመ።

መስከረም ላይ እንደገና ጀመርን፣ ችግሩም ያኔ መጣ። ከበራችን ሁለት መቶ ሜትር ያህል ርቃ አንዲት ትንሽ ድልድይ አለች፣ ከእሷ ወዲያ ነው ዋናው መንገድ። እዚያ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ይቆማል። በተረከዜ ብጎሽመው ወደ ኋላ ያፈገፍጋል፣ በአለንጋ ነካ ባደርገው ዞሮ ወደ ቤት ይበራል። እናቱ ከግቢ ሆና ታሽካካለች፣ እሱም ይመልስላታል። ባለፈው ሳምንት የፊት እግሮቹን አንስቶ ቆመና ጣለኝ። ክንዴ ተላጠ እንጂ ሌላ ጉዳት የለም፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

እኔ ያደረግሁትን ልንገራችሁ። እምቢ ባለ ቁጥር እንዳይብስበት ብዬ እወርድና ስቤ ወደ ቤት እመልሰዋለሁ። ኮርቻውን አውርጄ ትንሽ ገብስ ስሰጠው ይረጋጋል። በማግስቱ ግን ድልድዩ ጋ ሳይደርስ መቆም ጀመረ። ቀጥሎ መንገዱ አጋማሽ ላይ። አሁን ከበሩም አልወጣም ብሏል። ከትናንት ወዲያ አጎቴ መጥቶ «ፈረስ ወይ ይፈራሃል ወይ ይንቅሃል» አለና ገረፈው። ላብ በላብ ሆኖ እየተንቀጠቀጠ ድልድዩን አንድ ጊዜ ተሻገረ፣ ወዲያው ግን ከእጁ አምልጦ ወደ ቤት ተመለሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኮርቻ ይዤ ስጠጋው ጀርባውን ይሰጠኛል።

ጥር 23፣ የፈረሰኞቻችን በዓል፣ እየመጣ ነው። አባቴ ዳማውን እንጅባራ ሜዳ ላይ ለማየት ቀን እየቆጠረ ነው። ሦስት ወር ይበቃኛል? ወይስ ፈረሱ ተበላሽቶብኛል?


ሽምጥ ጋላቢ፣ ጥቅምት 9

ወንድሜ በመውደቅህ አዝናለሁ። ግን አጎትህ አልተሳሳተም። የተሳሳተው ሥራውን ሳይጨርስ መልቀቁ ነው። ፈረስ አንዴ ካሸነፈህ ሁልጊዜ ያሸንፍሃል። እኔ ያደግሁት ሰላሌ ነው፣ ፈረስ መሀል። ጠንካራ ጋላቢ ፈልግ፣ ሁለት ሰው ከኋላ ይሁን፣ ድልድዩን በሽምጥ አሻግሩትና እስኪደክመው ጋልቡት። ሦስት ቀን ቢደጋገም ይተወዋል። አዘኔታህ ነው ያበላሸው።


የእንስሳት ሐኪም፣ ጥቅምት 10

ከላይ ያለውን ከመሞከርህ በፊት እባክህ ይህን አንብብ።

መጋቢት ላይ ገር የነበረ ፈረስ መስከረም ላይ እምቢ ካለ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ያመዋል?» ነው። እልኸኛ ነው፣ ሰነፍ ነው ተብለው ከሚመጡልኝ ፈረሶች ብዙዎቹ የሚያማቸው ነገር ይገኝባቸዋል። መናገር አይችሉም፣ ያላቸው ቋንቋ መቆምና መሸሽ ብቻ ነው።

ከጀርባው ጀምር። ሦስት ወር ሳር ሲግጥ የከረመ ወጣት ፈረስ ይወፍራል፣ ያድጋልም። መጋቢት ላይ ልኩ የነበረው ኮርቻ አሁን ላይሆነው ይችላል። ከትከሻው ጀምረህ ከአከርካሪው ግራና ቀኝ በጣቶችህ ጫን እያልክ እስከ ወገቡ ውረድ። ጀርባውን ዝቅ ካደረገ፣ ጆሮውን ወደ ኋላ ካጋደመ ወይም ሊነክስህ ከዞረ ያመዋል ማለት ነው። ፀጉሩ የተላጠ ቦታ ካለ ኮርቻው እየበላው ነውና ገጣባ ሳይሆን ድረስለት። ከኮርቻው ሥር የምታደርገውንም ጨርቅ አገላብጠህ እይ፣ የደረቀ ላብና የገለባ እሾህ ብቻውን ፈረስ ያሳብዳል።

ከዚያ አፉን። ፈረስ የፊት የወተት ጥርሶቹን የሚቀይረው በሁለት ዓመት ተኩል፣ በሦስት ዓመት ተኩልና በአራት ዓመት ተኩል ገደማ ነው። ከመንጋጋዎቹም የፊተኞቹ በዚሁ ዕድሜ ገደማ ይቀየራሉ። ስለዚህ ዳማህ ልክ በዚያ ጊዜ ላይ ነው ያለው። ድዱ ባበጠበት አፍ ላይ ብረት ስትስብበት አስበው። አንዳንዱ ደግሞ ከላይኛው መንጋጋ ፊት ትንሽ ትርፍ ጥርስ ያበቅላል፣ ልጓሙ ሲነካት ይዘላል። እሷን ሐኪም በቀላሉ ያወጣታል። ልጓምህ ያ ቀለበት ያለው የአገር ቤቱ ከሆነ በተለይ ተጠንቀቅ፣ ትንሽ ስትስበው ብዙ ነው የሚያመው።

ሦስተኛው ሰኮናው ነው፣ እኔ በጣም የጠረጠርኩትም እሱን ነው። መስኩ ላይ ይታዘዛል ብለሃል። መንገዱ ላይ ነው እምቢ የሚለው። መስኩ ለስላሳ ነው፣ መንገዱ ድንጋይ ነው። ከክረምት ጭቃ በኋላ የሰኮናው ውስጥ ይለሰልሳል፣ አንዳንዴም ይበሰብሳል። እግሩን አንስተህ ጥረገውና አሽትተው፣ መበስበስ ካለ ሽታው ወዲያው ይነግርሃል።

አንድ ጥያቄም አለኝ። ተኮላሽቷል?


የአዊ ልጅ፣ ጥቅምት 12

ሐኪም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያልከኝን ሁሉ ከአባቴ ጋር ሆነን አየን።

ከትከሻው በስተቀኝ የአንድ ብር ሳንቲም የምታህል ፀጉሯ የተላጠ ቦታ አለች። ስነካት ዞሮ ጥርሱን አሳየኝ። ሁለት የፊት ጥርሶቹ ይነቃነቃሉ። የግራ የፊት እግሩ ሰኮና ደግሞ፣ ሽታውን አልነግራችሁም። አባቴ ምንም አልተናገረም፣ ብቻ ፈረሱን አንገቱን ይዞ ብዙ ቆመ። እኔ ደግሞ ይሄ ሁሉ እያለበት ስንገርፈው መክረማችንን ሳስበው ውስጤ ተቃጠለ።

አልተኮላሸም።


የእንስሳት ሐኪም፣ ጥቅምት 12

አትዘን፣ አገኘኸው። ዋናው እሱ ነው።

ሰኮናውን በየቀኑ አጽዳው፣ የቆመበትን ቦታ አድርቅለት፣ በአቅራቢያህ ወዳለ የእንስሳት ክሊኒክ ወስደህ የበሰበሰውን ያስተካክሉለት። ይህን በቢላ ራስህ አትሞክር። የጀርባው ቁስል ሙሉ በሙሉ እስኪድን ኮርቻ የለም። ከዳነ በኋላም ያንኑ ኮርቻ ሳታስተካክል ብትመልስበት በሳምንቱ እዚያው ነህ። ጥርሱ በራሱ ይወድቃል፣ እስከዚያ ልጓም ይቅርበት።

ስለ መኮላሸቱ። ሦስት ዓመት ተኩል የሆነው ድንጉላ (ያልተኮላሸ ወንድ ፈረስ) ከባዝራ (ከሴት ፈረስ) ጋር አብሮ ከዋለ እናቱም ብትሆን ያስረግዛታል። ባዝራ በየሦስት ሳምንቱ ገደማ ድንጉላ ትፈልጋለች፣ በእነዚያ ቀናት ፈረስህ ከግቢው አልወጣም ቢል አይገርምም። ስለዚህ ሁለቱን ለየብቻ ማሰር አለብህ፣ ዛሬውኑ። ማኮላሸት ከፈለግክ በሐኪም እጅ፣ በማደንዘዣ፣ በብርዱ ወራት ዝንብ ሳይበዛ። ቆለጡን መቀጥቀጥ የሚባለውን ነገር እንዳትሞክር። ፈረስ ደግሞ በቴታነስ ቶሎ የሚጠቃ እንስሳ ነው፣ ክትባቱን አስቀድመህ ጠይቅ።


ጋሽ ባለዛቡ፣ ጥቅምት 13

ልጄ፣ የምጽፍልህ በልጄ ስልክ ነው፣ ስህተት ብታይ ይቅር በለኝ። እኔም የአዊ ሰው ነኝ፣ ባንጃ። የሐኪሙን ቃል አድምጥ። ያለ ኮርቻ የምትቆይበት ጊዜ የባከነ እንዳይመስልህ። ዋናው ሥራ የሚሠራው ያኔ ነው።

አጎትህንም ያንንም ወንድም አልወቅስም። እኔም በጉርምስናዬ እንደዚያ ነበርኩ። አንድ ቡላ ፈረስ ነበረኝ፣ እንዳንተው ከቤት አልወጣም አለ፣ በግርፋት አስወጣሁት። ወጣ። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ሰው እጁን ከፍ ባደረገ ቁጥር ይበረግግ ነበር። አንድ ጊዜ ለቅሶ ላይ፣ ሕዝቡ መሀል፣ አንዱ ሐዘንተኛ ሁለት እጁን ሲያነሳ ደነበረና አንዲት እናት ረግጦ አቆሰለ። ሴትየዋ ተርፋለች፣ እኔን ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ፈረስ ድልድዩን ይሻገራል፣ ድልድዩ ላይ የደረሰበትን ግን አይረሳም።

አሁን የአንተን ላስረዳህ። ፈረሱ አልናቀህም፣ አንተው ሳታውቀው አስተማርከው። በእሱ ቦታ ሆነህ እየው። ድልድዩ ጋ ሲቆም ሰውየው ይወርዳል። የሚያመው ኮርቻ ይወርድለታል። እናቱ ጋ ይመለሳል። በዚያ ላይ ገብስ! በማግስቱ ድልድዩ ድረስ ሳይለፋ እዚሁ ቅርብ ቢቆምስ ያው አይደል? ስለዚህ ቆመ። ብልህ ፈረስ ነው ያለህ፣ ሰነፍ አይደለም።

ስለዚህ ነገሩን ገልብጠው። ከዛሬ ጀምሮ ቤት ውስጥ ገብስ የለም። ቤት ሳርና ውሃ ብቻ። ገብሱን በትንሽ ከረጢት በትከሻህ ያዝና ፈረሱን በገመድ ብቻ፣ ያለ ልጓም ያለ ኮርቻ፣ በእግርህ ይዘኸው ውጣ። ከበሩ አሥር እርምጃ። እዚያ ቁም። ገብሱን እዚያ ይብላ፣ አንገቱን እከክለት፣ ትንሽ ቆይታችሁ ተመለሱ። በቃ፣ የቀኑ ሥራ ይኸው ነው። ሰው ቢስቅብህም ተወው። ነገ አሥራ አምስት እርምጃ።

ዋናው ምስጢር የት እንደምትቆሙ አንተ መወሰንህ ነው። ፈረስ ድንገት አይቆምም፣ ቀድሞ ይነግርሃል። እርምጃው ያጥራል፣ አንገቱ ይደርቃል፣ አንዱ ጆሮ ወደ ቤት ይዞራል። ያቺን ጆሮ ጠብቃት። እንዳየሃት እሱ ሳይቆም አንተ አቁመው። ከዚያ ገብስ፣ ዕረፍት፣ መመለስ። ያኔ የተመለሳችሁት በአንተ ቃል ነው፣ በእሱ እምቢታ አይደለም። ለሰው ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፣ ለፈረሱ ግን ሁሉ ነገር ነው።

ቀድሞህ ከቆመስ? ፊት ለፊቱ ቆመህ ዓይን ዓይኑን እያየህ አትጎትተው። ፈረስ ፊት ለፊት ሲጎተት ወደ ኋላ ነው የሚደገፍ፣ በጉልበት ደግሞ አትችለውም። ትከሻው አጠገብ ቁም፣ ወደምትሄድበት እይ፣ ገመዱን ወደ ጎን በቀስታ ሳብ። አንገቱ ሲዞር እግሩ መነሳቱ የግድ ነው። አንድ እግር እንዳነሳ ገመዱን ልቀቅለት፣ ወዲያው። ፈረስ የሚማረው ስትስበው አይደለም፣ ስትለቅለት ነው።

ቤት ስትገቡም ወዲያው አትፍታው። ግቢውን አምስት ስድስት ጊዜ አዙረው፣ ከበሩ ውጭ አስረኸው ግማሽ ሰዓት ይቁም። ቤት ሲባል ሥራ፣ ውጭ ሲባል ዕረፍት ይሁን።

እናቱን በተመለከተ፣ ሐኪሙ እንዳለው ለየብቻ እሰራቸው እንጂ በአንድ ቀን ጨርሰህ አትነጥላቸው፣ አጥር ሰብረው ይጎዳሉ። መጀመሪያ እሷን አውጣት እንጂ እሱን አትጀምር። ወንድም ካለህ በየቀኑ ጠዋት እናትየዋን ለግጦሽ ይዟት ይሂድ፣ እሱ ቤት ይቅር። ሲያሽካካ ዝም በሉት። ብቻውን መቆየትን በሚያውቀው ቦታ ይልመድ፣ ከዚያ በማያውቀው ቦታ ይቀለዋል።

ስለ ጥር 23 የምለው ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ፣ ልጄ ስልኩን ፈለገው።


ከበረሃ በረት፣ ጥቅምት 14

ጋሼ እጅዎን ልሳም፣ እንዲህ ያለ ነገር በአማርኛ ተጽፎ አላየሁም።

እኔ ኤሚሬትስ ውስጥ የረጅም ርቀት ውድድር ፈረሶች በረት ስሠራ አራት ዓመት ሆነኝ። በአንድ ቀን እስከ 160 ኪሎ ሜትር የሚሮጡ ፈረሶች ናቸው። እነሱም በወጣትነታቸው ልክ እንደ ዳማህ ከበረት አንወጣም ይሉ ነበር፣ ባለ ስንት ገንዘብ ፈረስ ብትሆን ከጓደኛህ መለየት ያው ነው። እዚህ የምናደርገው ወጣቱን ከአንድ የረጋ አዛውንት ፈረስ ጋር ማውጣት ነው። መጀመሪያ ጎን ለጎን። ቀጥሎ ወጣቱ ከኋላ። ከዚያ ለጥቂት እርምጃ ወጣቱ ከፊት ይሆንና መልሰን እንቀይራለን። ሲለምድ በመካከላቸው ያለውን ርቀት እናሰፋለን። በመጨረሻ መንታ መንገድ ላይ ይለያዩና ትንሽ ዞረው እንደገና ይገናኛሉ። ያ መገናኘት ትልቅ ነገር ነው፣ መለያየት ለዘላለም እንዳልሆነ ይገባዋል።

ብቻ አዛውንቱ እናቱ አትሁን። ከእናቱ ጋር ብታወጣው ድልድዩን ይሻገር ይሆናል፣ ግን የተሻገረው ቤቱን ይዞ ነው። ከጎረቤት የረጋ ሰንጋ (የተኮላሸ) ፈረስ ለምነህ ተዋስ።

አንድ ነገር ስለ መውደቅህ። የፊት እግሩን ሲያነሳ ዛቡን (የልጓሙን ማሰሪያ) እንዳትስብ፣ አብሮህ ወደ ኋላ ይገለበጣል፣ ሰው የሚሞተው ያኔ ነው። ወደ ፊት ተጎንብሰህ አንገቱን እቀፍ፣ እጅህን ልቀቅለት። መሬት ሲነካ አንዱን ዛብ ብቻ ወደ ጎን ሳብና አዙረው። ዞሮ የሚሄድ ፈረስ እግሩን ማንሳት ይከብደዋል።

ዕድሜውንም አትርሳ። የፈረስ የጀርባ አጥንት አድጎ የሚጨርሰው አምስትና ስድስት ዓመት ላይ ነው። ሦስት ዓመት ተኩል ልጅ ነው። ቀስ በሉበት።


ጋሪ ነጂ ነበርኩ፣ ጥቅምት 15

ሁሉም ጥሩ ብሏል። እኔ የምጨምረው መኪናውን ነው። በእናንተ በኩል የዲከረንስ (ለከሰል የሚተከለው ዛፍ) ከሰል የጫነ አይሱዙ ሲመላለስ ይውላል፣ ሸራው በነፋስ ሲርገበገብ አዋቂውን ፈረስ ራሱ ያስደነግጣል። ባጃጅም አለ። ምናልባት ዳማው የሚፈራው ድልድዩን ሳይሆን ከድልድዩ ወዲያ የሚሰማውን ይሆናል።

እኔ አዲስ ፈረስ ለጋሪ ሳዘጋጅ መንገድ ዳር ያለ ሳር ላይ በረጅም ገመድ ይዤው እውል ነበር፣ መጀመሪያ ራቅ ብዬ። መኪና ሲመጣ ቀና ይላል፣ ያያል፣ ያልፋል፣ ተመልሶ ይግጣል። ቀና ሳይል መጋጡን ሲቀጥል በማግስቱ ጥቂት እርምጃ ወደ መንገዱ እጠጋለሁ። ከግንባሩ ፊት ለፊት ቅርብ ያለውንና ከጭራው ጀርባ ያለውን ፈረስ አያይም፣ ስለዚህ መኪናው ከኋላ እንዲመጣበት አታድርግ፣ ጎኑን ሰጥቶ ይቁም። ፌስታልም ግቢ ውስጥ አጥር ላይ ስቀልለት፣ ሲርገበገብ ይልመደው።


ሽምጥ ጋላቢ፣ ጥቅምት 15

እኔ የጻፍኩት ቁስልና ሰኮና እንዳለበት ሳላውቅ ነው። ለታመመ ፈረስ ያንን አልመክርም፣ ቃሌን አንስቻለሁ። ግን አንድ ነገር ላይ እጸናለሁ። ከዳነ በኋላ የሚያመነታ ጋላቢ አይሁንበት። እጅህ ሲንቀጠቀጥ ፈረሱ ያውቀዋል።


ጋሽ ባለዛቡ፣ ጥቅምት 16

ልክ ነህ ወንድሜ፣ በዚህ እንስማማለን። መጽናት ሌላ ነው፣ መግረፍ ሌላ።

ልጄ፣ ስለ ጥር 23 ያልኩህን ልጨርስ። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ሲመሠረት የዓድዋን ጀግኖችና አብረዋቸው የዘመቱትን ፈረሶች ለማሰብ ነው። ዓድዋ የካቲት 23፣ በጊዮርጊስ ቀን ነበርና እኛም በጥር ጊዮርጊስ እንሰበሰባለን። አባትህ ይህን ከእኔ በላይ ያውቀዋል። ማኅበሩ ግን የጉግስ ብቻ አይደለም። ሰው ሲሞት በፈረስ እንሸኛለን፣ ሙሽራ በፈረስ እናጅባለን፣ የተጣላ እናስታርቃለን። አንተ የምትፈልገው በዚህ ሁሉ ውስጥ ሃያ ዓመት አብሮህ የሚኖር ፈረስ ነው። ለአንድ ቀን ብለህ ሃያ ዓመቱን አታበላሽ።

ስለዚህ ዘንድሮ አትጋልበውም። ይህን ለአባትህ ንገረው፣ እንቢ አይልህም። ከተዘጋጀ ግን በገመድ ይዘኸው ና። ከሜዳው ዳር፣ ራቅ ብላችሁ ቁሙ። በሺህ የሚቆጠር ፈረስ፣ ከበሮው፣ ሕዝቡ፣ አቧራው። ዓይቶ ይመለስ። ከርሞ በእግሩ ያውቀዋል።


የአዊ ልጅ፣ ኅዳር 21

የቆየሁት የምጽፈው እስኪኖረኝ ብዬ ነው።

ሰኮናው ድኗል። ክሊኒክ ወሰድኩት፣ ማለቴ ሐኪሙን ቤት አመጣሁት፣ ምክንያቱም ክሊኒኩ ከድልድዩ ወዲያ ነው! ጥርሶቹ ወደቁ፣ አዲሶቹ ብቅ ብለዋል። ጀርባው ላይ ነጭ ፀጉር በቅሏል። ኮርቻውን አባቴ ራሱ ፈትቶ አስተካከለው።

የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነበር። ጋሼ እንዳሉት አሥር እርምጃ ነው የጀመርነው። ሁለተኛው ቀን ላይ አሥሩንም አልሄድም ብሎ እዚያው በሩ ሥር ቆምን፣ አንድ ሰዓት ያህል፣ አንድ እግር እስኪያነሳ። ሲያነሳ ለቀቅኩለት፣ ገብሱን ሰጠሁትና ገባን። ጎረቤቶች «ፈረስ ወይስ በግ ነው የምትጠብቀው» አሉኝ። ያቺን ጆሮ ግን አሁን ለይቼ አውቃታለሁ። እሷን ካወቅኩ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ቀድሞኝ የቆመው።

እናቱን ታናሽ ወንድሜ በየጠዋቱ ያወጣታል። ሦስት ቀን ሙሉ ግቢውን ሲዞርና ሲያሽካካ ዋለ። አራተኛው ቀን ላይ ሳር በላ። አሁን ስትወጣ ቀና ብሎ ያያትና መብላቱን ይቀጥላል። ማታም ለየብቻ ነው የሚያድሩት።

ድልድዩን ኅዳር 12 ተሻገርን፣ ከጎረቤታችን አንድ ሽማግሌ ሰንጋ ፈረስ ጋር፣ እኔ በእግሬ። ገና ሲረግጣት የእንጨቱ ድምፅ አስደነገጠውና ተመለሰ። እኔ እስከዛሬ ያ ድምፅ መኖሩን ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። ሰንጋው ወዲያ ማዶ ሳር ሲግጥ ቆየው፣ ሲያየው ሲያየው ቆይቶ ራሱ ተሻገረ። ገብሱን ማዶ ሆኖ በላ። ከሰል የጫነ መኪና አለፈ፣ ቀና አለ፣ መልሶ በላ።

እስካሁን አልተቀመጥኩበትም። አባቴን ስለ ጥር ስነግረው «እኔስ መቼ አስቸኮልኩህ» አለኝ።


የአዊ ልጅ፣ ጥር 25

እንጅባራ ሄደን መጣን። ዳማውን በገመድ ይዤ፣ አባቴ በሰንጋው ላይ ተቀምጦ። ቀስ እያልን፣ እያረፍን። አባቴ ፈረስ ላይ ከወጣ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር፣ ጉልበቱ ያመዋል ግን ልውጣ አለ።

ከሜዳው ራቅ ብለን ቆምን። መጀመሪያ ዳማው አላበው፣ አፍንጫው ተነፋ፣ ሁለት ጊዜ ዞረብኝ። አልጎተትኩትም፣ እያዞርኩ ቆየሁ። የጉግሱ ፈረሶች በሽምጥ ሲያልፉ እንደ ድንጋይ ደርቆ አያቸው፣ ጆሮው ግን ወደ እነሱ ነበር፣ ወደ ቤት አልነበረም። ከሰዓት በኋላ አንድ እግሩን አሳርፎ ቆመ። አባቴ ያቺን እግር ሲያያት ምን እንዳለኝ አልጽፍም፣ ለራሴ ላስቀምጠው።

ኮርቻ ከገና ወዲህ ጀምረናል፣ ለአጭር ጊዜ፣ በሳምንት ሦስት ቀን። ትናንት ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻችንን፣ ሰንጋው ሳይኖር፣ ድልድዩን በኮርቻ ተሻገርን። እዚያው ማዶ ወርጄ ገብሱን ሰጠሁት።


ጋሽ ባለዛቡ፣ ጥር 25

ተባረክ ልጄ። አንድ ነገር ንገረኝ። ትናንት ስትሻገሩ እናትየዋ የት ነበረች?


የአዊ ልጅ፣ ጥር 26

ግቢ ውስጥ ነበረች ጋሼ። ታሽካካ ነበር። እሱም ቆም ብሎ አንዴ መለሰላትና ቀጠልን።